የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ ሁለት ሴት ጊኒ ፒጎች እንዴት ይላመዳሉ?

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)

ለተከበሩ የእንስሳት ጤና አምድ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። በደብረ ማርቆስ ከተማ የምኖር መምህርት ነኝ። ወንድሜ ከአዲስ አበባ ሲመጣ ለልጄ አንዲት ሴት ጊኒ ፒግ (ከጥንቸል የምታንስ ጠጉራም የቤት እንስሳ) አምጥቶላት ነበር፤ ልጄም በቀለሟ ምክንያት ዳሚት ብላ ሰየመቻት። ዳሚት አሁን አንድ ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል። ብቻዋን መኖሯ ስላሳዘነን ወንድሜ ሰሞኑን አራት ወር የሆናትን ሌላ ሴት ላከልን፤ እሷን ደግሞ ቡሊት አልናት። በመጣችበት ምሽት ወደ ዳሚት ማደሪያ ብናስገባት ዳሚት እያጉረመረመች ታሳድዳት፣ ጥርሷን ታንቀጫቅጭባት፣ ከኋላዋ እየወጣች ታስጨንቃት ጀመር። ቡሊት እየጮኸች ጥግ ስትይዝ ልጄ አለቀሰች፤ እኛም ለየናቸው። በማግስቱ ብንሞክርም ያው ሆነ። አሁን በተለያየ ካርቶን ውስጥ ናቸው። የልጄ አያት «ሁለት ሴት በአንድ ጎጆ አይሆንም፤ አንዷን ለሰው ስጡ» ይላሉ። ጎረቤታችን በበኩሏ አብረው ቢታጠቡ ሽታቸው ስለሚመሳሰል ይስማማሉ ትላለች። እርስዎስ ምን ይመክሩኛል?

መልስ

ውድ እህቴ፣ ቡሊትን ለማንም አይስጡ። በደብዳቤዎ የዘረዘሩት ሁሉ፣ ማጉረምረሙም ሆነ ማሳደዱ፣ ከኋላ መውጣቱም ጭምር፣ የማይተዋወቁ ሁለት ሴት ጊኒ ፒጎች ሲገናኙ የሚጠበቅ ነው። ደም አልፈሰሰም፤ የተቦጨቀ ቆዳም አልጠቀሱልኝም። ስለዚህ የሁለቱ ነገር አልተበላሸም። የጎደለው ዝግጅት ነው፤ ቡሊት የመንገዱ ድካም ሳይወጣላት፣ ዳሚት ለረጅም ጊዜ የግሏ አድርጋ በያዘችውና ሽታዋ በሞላበት ማደሪያ ውስጥ በድንገት ገባች። በእንዲህ ያለ ሁኔታ የቤቲቱ ባለቤት ዝም ብትል ነበር የሚገርመው።

ሁለተኛ ጊኒ ፒግ ማምጣትዎ ትክክለኛ ውሳኔ መሆኑን አስቀድሜ ልነግርዎ እወዳለሁ፤ የልጅን ዕንባ ያየ ቤተሰብ «ባናመጣት ይሻል ነበር» ወደ ማለት በቀላሉ ያዘነብላልና። የጊኒ ፒግ የትውልድ አገር የደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች ሲሆኑ፣ በዛሬዎቹ ፔሩ፣ ቦሊቪያና ኢኳዶር ያሉ የደጋ ሰዎች እንስሳውን ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት አላምደው ለምግብነት ሲያረቡት ኖረዋል። የዱር ዘመዶቹ በረጅም ሣር ውስጥ፣ ብዙውን ጊዜ አንድ ወንድና ጥቂት ሴቶች ሆነው፣ በትንንሽ ቡድን ይኖራሉ። ጭልፊት ሲመጣ አንዱ ጮኾ ሌላውን ያስጠነቅቃል፤ ሲበሉም ሲተኙም ተጠጋግተው ነው። ብቻዋን የምትኖር ጊኒ ፒግ ሰው የቱን ያህል ቢንከባከባት ይህን ጓደኝነት አታገኝም። ስዊዘርላንድ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ጊኒ ፒግን ያለ ባልንጀራ ብቻውን ማኖርን በሕግ የከለከለችው በዚሁ ምክንያት ነው። የልጅዎ አያት የተናገሩት በእነዚህ እንስሳት ላይ አይሠራም። ሁለት ሴቶችን አንድ ላይ ማኖር ሁለት ወንዶችን ከማኖር ይልቅ አብዛኛውን ጊዜ ይቀላል፤ የዕድሜያቸው ልዩነትም ለእርስዎ ይጠቅምዎታል፣ ታናሺቱ ለታላቂቱ ቶሎ የመገዛት ዕድሏ ሰፊ ነውና።

ሁለቱ በጩኸታቸው የሚጠያየቁት አንድ ጥያቄ «የበላይ ማን ነው?» የሚል ነው። ከቅዳሜ ገበያ የተገዛች አዲስ ላም ከነባሮቹ ጋር ስትቀላቀል መገፋፋትና ቀንድ መለካካት እንደሚኖር፣ ደረጃው ከታወቀ በኋላ ግን ሁሉም በሰላም እንደሚሰማሩ የጎጃም ገበሬ ከማንም በላይ ያውቃል። ጊኒ ፒጎችም እንዲሁ ናቸው። በየጩኸቱ የምንለያያቸው ከሆነ ጥያቄው መልስ ሳያገኝ ይቆያል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሲገናኙም ከመጀመሪያው ይጀምራሉ። እናንተ ቤት ሁለት ጊዜ የሆነውም ይኸው ነው።

አሁን ለየብቻ መሆናቸው ግን መልካም አጋጣሚ ነው፤ ለሁለት ወይም ለሦስት ሳምንት እንዲሁ ያቆዩአቸው። አዲስ የመጣ እንስሳ ሁሉ ከነባሩ ጋር ከመቀላቀሉ በፊት በሌላ ክፍል ተለይቶ መቆየት አለበት። የቡሊትን ማደሪያ በተለየ ክፍል አድርጉት፤ አስቀድማችሁ ዳሚትን መግቡ፣ ቀጥሎ ቡሊትን፣ ከዚያም እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። በእነዚህ ሳምንታት ዓይኗና አፍንጫዋ ፈሳሽ እንዳለው፣ እንደምታስነጥስ፣ ስትተነፍስ ድምፅ እንደሚሰማ ተከታተሉ። ጠጉሯን ገለጥ አድርጋችሁ ቅማል ፈልጉ። አብዝታ የምታክክ፣ ስትነካም የምትጮኽና የምትንፈራገጥ ከሆነ እከክ ይዟት ይሆናል። በፊቷና በጆሮዋ ዙሪያ ክብ የሆነ፣ ቅርፊት ያለው መላጣ ካያችሁ ጭርት መሆኑን ጠርጥሩ፤ ጭርት ደግሞ ወደ ሰው፣ በተለይም ወደ ልጆች ይተላለፋልና ልጅዎ ያለ ጓንት እንዳትነካት። ለእከክ የሚሰጠው አይቨርሜክቲን በየእንስሳት መድኃኒት ቤቱ የሚገኝ ቢሆንም ለከብት ተብሎ የተዘጋጀው እጅግ የተከማቸ ስለሆነ በግምት አይሰጥም፤ መጠኑን በክብደቷ አስልቶ የሚወስነው ሐኪም ብቻ ነው።

በዚሁ ጊዜ መፈጸም ያለበትና ሊዘለል የማይገባው ሌላ ጉዳይ የቡሊትን ጾታ ማረጋገጥ ነው። ሴት ነው ተብሎ የተሸጠ ጊኒ ፒግ ወንድ ሆኖ መገኘቱ በብዙ አገር የተለመደ ስሕተት ነው፤ ወንዱ ከተወለደ ከሦስት ሳምንት በኋላ ጀምሮ ማስረገዝ ይችላልና የአራት ወር ወንድ ቀልድ አይደለም። ይህን የማጠብቀው በዳሚት ምክንያት ነው። ሴት ጊኒ ፒግ ዕድሜዋ ስምንት ወር ሳይሞላ ወልዳ የማታውቅ ከሆነ የዳሌዋ አጥንት መገጣጠሚያ እየጠነከረ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ብታረግዝ ግልገሎቹ ማለፍ አቅቷቸው እናትየዋ የመሞት አደጋ ያጋጥማታል። ዳሚት ዕድሜዋ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ነው። ሐኪሙ ከሆድ በታች ያለውን ስፍራ በጣቱ በቀስታ ሲጫን ወንድ ከሆነ ብልቱ ይወጣል፤ ምርመራው ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። ቡሊት ሴት ሆና ከመጣችበት ቦታ ከወንድ ጋር ትኖር ከነበረም አርግዛ ሊሆን ይችላል። የእርግዝናው ጊዜ ከ59 እስከ 72 ቀን ስለሆነ ክብደቷን በየሳምንቱ እየመዘናችሁ ሆዷን ተመልከቱ፤ እርጉዝ መሆኗ ከታወቀ ማላመዱ ከወሊድ በኋላ ይሁን።

ጤንነቷና ጾታዋ ከተረጋገጠ በኋላ ሁለቱን ማደሪያዎች ጎን ለጎን አስጠግታችሁ ለጥቂት ቀናት አቆዩአቸው። በመካከላቸው የሽቦ ፍርግርግ ይሁን፤ እንዲተያዩና እንዲሸታተቱ፣ ነገር ግን አፍንጫና ጣት እንዳይነካከሱ ሁለት ጣት ያህል ክፍተት ተዉ። የዳሚትን ጨርቅ ለቡሊት፣ የቡሊትን ለዳሚት በየቀኑ ቀያይሩ። ጊኒ ፒግ ዓለሙን የሚያውቀው በዓይኑ ሳይሆን ይልቁን በአፍንጫው ስለሆነ፣ አንዷ በሌላዋ ሽታ ላይ ተኝታ ካደረች ትውውቁ ከግማሽ በላይ ተፈጽሟል ማለት ይቻላል። ጎረቤትዎ ስለ ሽታ የተናገረችው መነሻው እውነት ነው፤ መታጠቡ ግን አይሁን። ጊኒ ፒግ ውኃ ይፈራል፤ በደብረ ማርቆስ ብርድ ጠጉሩ ረጥቦ መቆየቱም ለሳንባ በሽታ ያጋልጠዋል። ከታጠቡ በኋላ ተቃቅፈው ቢቀመጡ እንኳ በፍርሃትና በብርድ ነው፤ ሲደርቁ ጠቡ ይመለሳል።

የመገናኛው ቀን ሙሉ ቀን ቤት የምትሆኑበት፣ እንግዳ የማይበዛበት፣ ለምሳሌ ቅዳሜ ጠዋት ይሁን። ቦታው ዳሚት ከዚህ በፊት ያልረገጠችው መሆን አለበት፤ ሳሎን ወይም መኝታ ቤት ወለል ላይ ቢያንስ ሁለት ካሬ ሜትር የሚሆን ስፍራ በሳንቃ ወይም በካርቶን አጥራችሁ፣ እንዳይንሸራተቱ ያረጀ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ አንጥፉበት። ድመት ካለ ይውጣ። በርበሬ ከሚቆላበትና ከሰል ከሚቀጣጠልበት ስፍራም ይራቅ፤ የእነዚህ እንስሳት ሳንባ ጭስ አይችልም። በመካከሉ ድርቆሽ ክምር አድርጋችሁ አፍሱ፤ ቅጠላ ቅጠልም በሦስትና በአራት ቦታ በትኑ። አብሮ መብላት ከማንኛውም ዘዴ ይልቅ ያቀራርባቸዋል። መደበቂያ ሳጥን ግን አታስገቡ፤ አንድ በር ብቻ ያለው ሳጥን ደካማይቱን ወጥመድ ውስጥ ያስገባታል፤ ብርቱይቱም የምትከላከለው ንብረት ያገኘች ይመስላታል። ሁለቱን በአንድ ጊዜ፣ በተቃራኒ ጥግ አኑሯቸው። ልጅዎ ልትመለከት ትችላለች፤ አንዷን አቅፋ ማባበል ግን የለባትም።

ከዚህ በኋላ የሚጠበቅባችሁ መታገሥ ነው፤ የምታዩትን ለይታችሁ ካወቃችሁም መታገሡ ይቀላል። ዳሚት ዳሌዋን ግራና ቀኝ እያወዛወዘች፣ ከደረቷ ወፍራም ጉርምርምታ እያሰማች በዝግታ ትዞራለች፤ ይህ የበላይ ነኝ ማለቷ ነው። የቡሊትን ኋላ ደጋግማ ታሸታለች፣ አገጯን ትጭንባታለች፣ ትወጣባታለች፣ ታሳድዳታለች። ቡሊት ደግሞ ወደ ኋላዋ ሽንቷን ልትረጭባት ትችላለች፤ «ተይኝ» የምትልበት መንገድ ነው። ሁለቱ ፊት ለፊት ቆመው አፍንጫቸውን ወደ ላይ ሊቀስሩ ይችላሉ፤ ቀድማ ዝቅ ያደረገችው የበታችነቷን ተቀበለች ማለት ነው። ልጅዎን ያስለቀሳት የቡሊት ጩኸትም አብዛኛውን ጊዜ የመገዛት ድምፅ እንጂ የሥቃይ አይደለም፤ ጮኻ ከሸሸች ዳሚትም ካልተከተለቻት ንግግሩ ተሳክቷል። አልፎ አልፎ ጥቂት ጠጉር ቢነቀልም አይክፋችሁ። በእነዚህ ሁሉ እጃችሁን አታስገቡ።

ጥርስ ማንቀጫቀጭ ሲሰማ ግን ቀረብ በሉ። ቁጣ ነው፤ ብዙ ጊዜ በራሱ ይበርዳል፣ አንዳንዴም የጠብ መጀመሪያ ይሆናል። የሁለቱም የማጅራት ጠጉር ከቆመ፣ አፋቸውን በሰፊው ከፍተው ጥርሳቸውን እያሳዩ አንዷ በሌላዋ ላይ ከተወረወረች፣ በመጨረሻም ተያይዘው እንደ አንድ ኳስ ከተንከባለሉ ይህ እውነተኛ ጠብ ነው፤ ወዲያውኑ መለያየት ያስፈልጋል። በባዶ እጅ ግን አይሁን፤ የፊት ጥርሳቸው ጣት ውስጥ ጠልቆ ይገባል። ወፍራም ፎጣ ጣሉባቸው፣ ወይም የቆሻሻ ማፈሻ በመካከላቸው አስገቡ። ቁስል ካለ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃና ጨው አጥባችሁ ለሐኪም አሳዩ፤ ከዚያም ለብዙ ቀናት ወደ ጎን ለጎን ኑሮ ተመለሱና እንደገና ሞክሩ። ደም ሳይኖር አንዷ ለሰዓታት ሳትበላ ስትሸሽ ከዋለች፣ ሌላይቱም ፋታ ካልሰጠቻት፣ ያን ቀን ማቆሙ ይሻላል።

የመጀመሪያው ግንኙነት ስንት ሰዓት ይፍጅ የሚል ቁርጥ ያለ ደንብ የለም። ልምዴ የሚያሳየኝ አንድ ረጅም ግንኙነት ከብዙ አጫጭር ግንኙነቶች እንደሚሻል ነው፤ ሁለትና ሦስት ሰዓት ቢፈጅ፣ ግማሽ ቀንም ቢሆን አይብዛባችሁ። ከአንድ ክምር ድርቆሽ ጎን ለጎን ሆነው ከበሉ፣ አንዷ ጎኗን ጥላ ከተኛች፣ ወይም በደስታ ወደ ላይ ዘለል ዘለል ካሉ ነገሩ ሰምሯል። ያን ጊዜ ወደየካርቶናቸው ሳትመልሷቸው በዚያው ዕለት በአንድነት ወደ አዲሱ የጋራ ማደሪያ አስገቧቸው።

ስለ ማደሪያው ጥቂት ልበል፤ በየቤቱ የማየው ጠብ ከጠባይ ይልቅ ከጥበት የሚመጣ ነውና። ለሁለት ሴቶች ርዝመቱ 150፣ ስፋቱ 60 ወይም 70 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ወለል ያስፈልጋል፤ ቁመቱ አያሳስብም፣ አይወጡም፣ ከፍ ብለውም አይዘሉምና። በገበያ ስለማይገኝ በአናጢ ማሠራት ይቻላል። የዳሚትን አሮጌ ዕቃ የምትጠቀሙ ከሆነ አቼቶ በተቀላቀለበት ውኃ በደንብ አጥባችሁ ሽታዋን አጥፉ፤ የዕቃዎቹንም ቦታ ቀይሩ። ሁሉም ነገር ሁለት ሁለት ይሁን፦ ሁለት የውኃ ዕቃ፣ ሁለት የድርቆሽ ክምር በተራራቀ ቦታ፣ ሁለት መደበቂያ። የሸክላ ሳሕን ከባድ ስለሆነ አይገለበጥም። መደበቂያው ካርቶንም ቢሆን በሁለት ወገን በር ይውጣለት፤ አንዷ በአንዱ ስትገባ ሌላዋ በሌላው ትወጣለች። ለምንጣፍ የባሕር ዛፍና የጥድ ሰጋቱራ አትጠቀሙ፤ ሽታውና ብናኙ አፍንጫቸውን ይጎዳል። የጤፍ ጭድ ከጥጥ ጨርቅ በላይ ቢነጠፍ ለብርዱም ይበጃል። ይሁን እንጂ የጤፍ ጭድ እህሉ ተወቅቶ የቀረ ስለሆነ ዋና ምግባቸው ሊሆን አይችልም፤ ምግባቸው በመስከረምና በጥቅምት ገና አረንጓዴ ሳለ ታጭዶ የደረቀ፣ ያልሻገተ የሣር ድርቆሽ ነው፤ ይህም ቀንና ሌሊት መጥፋት የለበትም። ምግብ የማያልቅበት ቤት ጠብ ይቀንሳል።

ጊኒ ፒግ እንደ ሰው ሁሉ ቫይታሚን ሲን በሰውነቱ መሥራት አይችልም፤ ለአንድ ኪሎ ግራም ክብደቱ በቀን ከ10 እስከ 30 ሚሊ ግራም ያስፈልገዋል። የጎደለበት እንስሳ መገጣጠሚያው ያመዋል፣ ሲነካ ይቆጣል፣ ባልንጀራውንም ይነክሳል፤ ስለዚህ ይህም የማላመዱ አካል ነው። የማያቃጥለው የፈረንጅ ቃሪያ፣ ጥቂት ጎመን፣ ትንሽ የዘይቱን ቁራጭ ይበቃል፤ በጾም ወራትማ ከቤት አይጠፋም። አቮካዶ፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና የድንች ቅጠል ግን ፈጽሞ አይሰጥም።

አብረው ከገቡ በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት ማሳደዱና ጉርምርምታው እየቀነሰ ይቀጥላል፤ ይህ አያስደንግጣችሁ። ሁለቱንም በየሁለት ቀኑ በወጥ ቤት ሚዛን መዝኑ። ያደገች ሴት ከ700 እስከ 900 ግራም ትመዝናለች፤ ቡሊት ገና በማደግ ላይ ስለሆነች መጨመር ሲገባት የምትቀንስ ከሆነ ከምግብ እየተከለከለች ነው ማለት ነው። ጠብ ባይታይም ይህ በቂ ማስረጃ ነው፤ ሌላ የድርቆሽ ክምር ጨምሩ፣ ቦታውንም አስፉ። አንድ ቀን ሙሉ ያልበላች ጊኒ ፒግ ግን ሳይውል ሳያድር ሐኪም ማየት አለባት፤ አንጀቷ ሥራ ካቆመ ሕይወቷ አደጋ ላይ ነው። ከዚሁ ጋር አጥብቄ የምለምናችሁ ነገር አለ፤ ብትነከስም ብታስነጥስም ለሰው የሚሰጠውን አሞክሲሲሊን፣ አምፒሲሊን ወይም ፔኒሲሊን ከመድኃኒት ቤት ገዝታችሁ አትስጧት። እነዚህ መድኃኒቶች በአንጀቷ ውስጥ ምግብ የሚያብላሉትን ተሕዋስያን ስለሚገድሉ በጥቂት ቀናት ውስጥ ለሞት ያደርሳሉ። የምትሄዱበት ክሊኒክ ከከብትና ከበግ በቀር የማያይ ከሆነም ይህንኑ ለሐኪሙ በትሕትና ንገሩት።

ሁለት ሦስት ጊዜ በአግባቡ ተሞክሮ ደም ካልቀረ ጎን ለጎን፣ በፍርግርግ ተለይተው ይኑሩ። እየተያዩና እየተሸታተቱ ስለሚውሉ ከብቸኝነት እጅጉን ይሻላል፤ በእናንተ ቤት ግን እዚህ ይደረሳል ብዬ አልጠብቅም።

ጥያቄ (ከፍኖተ ሰላም)

ልጆቼ የሚያሳድጓቸው ሁለት ሴት እህትማማች ጊኒ ፒጎች አሉን። ሦስት ዓመት ሊሞላቸው ነው። ሲዋደዱ ኖረው አሁን አንደኛዋ በየሁለት ሳምንቱ ገደማ እያጉረመረመች እህቷ ላይ መውጣት ጀመረች። ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ደግሞ ጠቧ በየቀኑ ሆኗል። ወንድ ትሆን እንዴ?

መልስ

ወንድ ብትሆን ኖሮ እስከ ዛሬ ቤታችሁ በግልገል ተሞልቶ ነበር። በየሁለት ሳምንቱ ያዩት የፍላጎት ወቅቷ ነው፤ ሴት ጊኒ ፒግ በየ15 ወይም በየ17 ቀኑ ወንድ ትፈልጋለች፤ በዚያን ዕለትም ትጉረመርማለች፣ እህቷም ላይ ትወጣለች፤ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቀን ውስጥ ያልፍላታል። ለዚህ መለያየት አያስፈልግም።

የሚያሳስበኝ ጠቡ በየቀኑ መሆኑ ነው። በእንቁልጢ (እንቁላል በሚፈጠርበት የማኅፀን አጠገብ አካል) ላይ ውኃ የቋጠረ ዕጢ ማውጣት ዕድሜያቸው ከአንድ ዓመት ከመንፈቅ ባለፈ ሴት ጊኒ ፒጎች ላይ በብዛት የሚታይ ችግር ነው፤ ከእነዚህ ዕጢዎች አንዳንዶቹ ሆርሞን ስለሚያመነጩ ጸጥተኛይቱን ተናካሽ ያደርጓታል። በሁለቱ ጎኖቿ ላይ እኩል በእኩል የሆነ፣ የማያሳክክ የጠጉር መሳሳት እንዳለ፣ ጡቶቿ እንዳበጡ ወይም ቅርፊት እንደያዙ፣ ሆዷም እንደ ሰፋ ይመልከቱ። ሆዷን ግን እራስዎ አይጫኑ፤ ዕጢው ሊፈነዳ ይችላል። በመዳሰስና በአልትራሳውንድ የሚለየው ሐኪም ነው፤ ሕክምናውም እንደ ሁኔታው በሆርሞን መርፌ ወይም በቀዶ ጥገና ይሰጣል። እስክትታከም ድረስ እህቷ የምትሸሽበት ስፍራ እንድታገኝ ማደሪያውን አስፉት፤ ካልነከሰቻት በቀር አትለዩአቸው፤ ለረጅም ጊዜ ተለያይተው ከቆዩ ሲመለሱ እንደ እንግዳ ሊተያዩ ይችላሉና።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)

አንዲት ሴት ጊኒ ፒግ አለችኝ። በከተማችን ሌላ ጊኒ ፒግ ማግኘት አልቻልኩም፤ ጥንቸል ግን በቀላሉ ይገኛል። ጥንቸል ባልንጀራ ልትሆናት ትችላለች?

መልስ

አትችልም፤ ጥንቸሏ ክፉ ሆና ሳይሆን ቋንቋቸው ስለማይገናኝ ነው። ጥንቸል በጨዋታም በንዴትም በኋላ እግሯ ስትራገጥ የጊኒ ፒጓን አከርካሪ ልትሰብር ትችላለች። ቦርዴቴላ የተባለው ባክቴሪያም ጥንቸሏን ምንም ሳያሳምማት በአፍንጫዋ ይኖርና ወደ ጊኒ ፒጓ ሲተላለፍ ሳንባዋን በብርቱ ያጠቃል። ምግባቸውም ይለያያል፤ ጥንቸል ቫይታሚን ሲን እራሷ ትሠራለች።

ከአዲስ አበባ ሴት ጊኒ ፒግ የሚያገኙበትን መንገድ ቢያፈላልጉ ይሻላል። በምታመጧት ጊዜ ጉዞው በማለዳ ይሁን፤ መንገዱ በዓባይ በረሃ የሚያልፍ ከሆነ በቀትር እንዳታልፉ ተጠንቀቁ፤ እነዚህ የደጋ እንስሳት ከ27 ዲግሪ በላይ የሆነ ሙቀት ሲያገኛቸው በፍጥነት ይደክማሉ፣ ሊሞቱም ይችላሉ። በመጋቢትና በሚያዝያ የባሕር ዳር ሙቀት ለነባሯም ያስቸግራታልና በጥላ፣ ነፋስ በሚያገኘው ክፍል አኑሯት። ሁለተኛዋ እስክትገኝ ድረስ ማደሪያዋ ቤተሰቡ በሚቀመጥበት ክፍል፣ ከወለሉ ጥቂት ከፍ ብሎ ይሁን፤ በቀን ለተወሰነ ሰዓትም ወለል ላይ ትውጣ፣ ከእጃችሁም ትብላ።